«ቡዳ» ከማን አፍ ወጣ

ኢየሩሳሌም፣ ኅዳር 3 ቀን 1944 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሐዲስ፣ ጎንደር።

ሰላመ እግዚአብሔር ካለህበት ይድረስ። እኔ በአምላክ ቸርነት ጉልበቴን ከማመሙ በቀር ደኅና ነኝ። አንተስ ሥጋህ እንደምን ነው? ስለ ነፍስህ የሰማሁት ስላለ እርሷን አልጠይቅህም።

ካየሁህ ዘጠኝ ዓመት ሆነ። ከእናትህ ጋር የእኅትማማች ልጆች በመሆናችን እንደ ልጄ አስብሃለሁ። የቤተ ክርስቲያኑን ትምህርት አጋምሰህ ጥለህ ጎንደር ከፍርድ ቤቱ በር ላይ ለባላገር ማመልከቻ ትጽፋለህ አሉኝ። ከዚያ የባሰ ሥራም አለና ይሁን።

የምጽፍልህ ለጉዳይ ነው። ግእዙን ከአማርኛ ጋር የሚያስማማ የቃላት መጽሐፍ ከጀመርሁ ሰባተኛ ዓመቴ ነው፤ አሁን «በ» ላይ ደርሻለሁ። እዚያም «ቡዳ» የሚለው ቃል አስቆመኝ። ሰው ባልንጀራውን ክፉ መንፈስ አድርጎ የሚያሳይበት ቃል ምንጩ ሊታወቅ ይገባል። ምስክር አድርጌ ያስገባሁት ያንተኑ ነገር ነው። ወንድሜ መሪጌታ ሐብተ ማርያም የዛሬ ሦስት ዓመት እንደ ጻፈልኝ፣ «ሐዲስ የተባለ ተማሪ በአምባ ጊዮርጊስ ተበልቶ፣ በጢስ ቢያስለፈልፉት እንኳየሁ የምትባል የወለቃ ሸክላ ሠሪ እንደ በላችው በአንደበቱ ተናገረ» ብዬ አስፍሬዋለሁ።

የአገሩ ሰው ቃሉን እንዴት እንደሚፈታው፣ ከየት መጣ እንደሚል ጠይቀህ ጻፍልኝ። ቀልድህን እዚያው ተወው፤ ለቴምብሩ ይከብዳል።

አባ ወልደኢየሱስ

ጎንደር፣ ጥር 14 ቀን 1944 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለአባ ወልደኢየሱስ፣ በቅድስቲቱ አገር።

እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎን ያሳመመው ስግደት ከሆነ ዋጋ አለው፤ ወንበር ከሆነ ግን ይነሡ። እኔ ደኅና ነኝ። ጥምቀትን ቀሐ ወርጄ አከበርሁ፤ አንዲት ባልቴት ጠበል ስትሻማ ገፍትራኝ እስከ ብብቴ ረጥቤ ተመለስሁ። ስለ ነፍሴ የሰሙት ካለ በዚያው ታጥባለች።

በሰባት ዓመት «በ» ላይ መድረስዎን ሰምቼ ደስ አለኝ። በዚህ አካሄድ «ፐ» ላይ ሲደርሱ እኔም ዐርፌ፣ አማርኛም ዐርፎ ይጠብቅዎታል።

ያዘዙኝን ጠየቅሁ። መጀመሪያ የቤቴን አከራይ እመት ለተ ማርያምን።

«እመት፣ ቡዳ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ምነው? ማን በላህ?»

«ማንም አልበላኝም። ለመጽሐፍ ነው።»

«በማለዳ እንዲህ ያለ ስም ቤቴ ውስጥ አትጥራ» አሉና ሦስት ጊዜ እንትፍ አሉ። ሁለቱ ኮቴ ላይ አረፈ።

«እሺ፣ ከየት የመጣ ነገር ነው?»

«ከወገራ ነዋ። ይኼ ይጠፋሃል?»

ከወገራ እህል ጭኖ የመጣ ሰውዬ ፈልጌ ጠየቅሁ። «እኛ ዘንድ የለም፤ የደምቢያ ነገር ነው» አለኝ፣ በእግዜር ስም ምሎ። የደምቢያውን ሰው ጠየቅሁ፤ በርበሬውን እየሰፈረ «ዐባይን ሲሻገሩ ነው እሱ፤ ጎጃም» አለ። ደግነቱ አንድ ጎጃሜ የዘበኛ ባልደረባ አለኝ። ጠየቅሁት። መሣሪያውን ወደ ሌላው ትከሻው አዛውሮ ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ «ይኼን የሚጠይቅ የጎንደር ሰው ነው? አይ ድፍረት» ብሎ ሄደ።

እንግዲህ ይጻፉት፦ ቡዳ ማለት ከወንዝ ማዶ ያለ ሰው ነው። ወንዙ የግድ ትልቅ መሆን የለበትም። ወለቃ ከከተማው እልፍ ሲሉ ናት፤ መካከል ላይ ያለው ወንዝ በበጋ ዶሮ ይሻገረዋል፤ እዚያ ግን የተቀመጠው ሁሉ ቡዳ ነው ይላሉ፤ ጭቃ ስለሚያቦኩ፣ ብረት ስለሚቀጠቅጡ፣ ቤተ እስራኤልም ስለሆኑ። የሚሉት እነማን መሰሉዎት? በእነሱ ድስት የሚበሉ፣ በእነሱ ማረሻ የሚያርሱ ናቸው። እመት ለተ ማርያም ራሳቸው እንትፍ ብለው ሲያበቁ ውኃ የጠጡት ከወለቃ ጋን ነው።

ይኼ ትርጉም ለሊቅ ካነሰ እርስዎ በግእዝ ያወፍሩታል። ሕዝቡን ግን ከእንግዲህ አያስጠይቁኝ፤ ከሞኝ ጋር መዋሉ ሆዴን ነፋኝ።

ስለ እኔ የጻፉትን አነበብሁና ሣቅሁ። እንዴት ያለ ሣቅ እንደሆነ አልነግርዎትም። ባያስገቡት ይሻላል፤ መጽሐፍዎን ያበላሽብዎታል።

ደግሞ ጥቁር መነጽር ቢልኩልኝ። ባላገር መነጽር ያደረገ ጸሐፊ ያምናል።

ታዛዥ ልጅዎ (በሚመቸኝ ቀን)
ሐዲስ

ኢየሩሳሌም፣ የካቲት 20 ቀን 1944 ዓ.ም.

ይድረስ ለሐዲስ።

ከደብረ ጽዮን የሚነሣው በረከት፣ ብትቀበለው፣ ይድረስህ። ጥቁር መነጽር የለኝም፤ ያንተን ዓይን ያጨለመው ስንፍና እንጂ ፀሐይ አይደለም። የላክኸውም ትርጉም የጠጅ ቤት ትርጉም ነው። ሕዝብን መናቅ ሊቅ አያደርግም። ሊቅ ሆኖ መናቅ እንኳ ኃጢአት ነው፤ አንተ ደግሞ በግማሽ ዳዊት ትንቃለህ።

ይልቅ ተማር። እዚህ ጎረቤቴ የሆነ አንድ የጽርእ መነኩሴ አለ፤ ጽርእ የምልህ ግሪክን ነው። ቃሉን ሳወጣ ሳወርድ አይቶ አንድ ነገር ነገረኝ። በቋንቋቸው «ዲያብሎስ» ማለት ስም አጥፊ፣ ሰውን በሐሰት የሚከስ ማለት ነው። ቀንድና ጅራት በቃሉ ውስጥ የለም። የክፉ ሁሉ አለቃ ስሙ የወጣለት ባልንጀራን «ክፉ ነው» ብሎ ከመክሰስ ነው። ይህን ከሰማሁ ጀምሮ እንቅልፌ ቀነሰ፤ ከመጽሐፌ ፊት አኖረዋለሁ።

አሁን የምጠይቅህ አጭር ነው። ያን ቀን በያዘችህ ጊዜ ምን አየህ? ስሟንስ አፍህ ላይ ማን አኖረው? ሐብተ ማርያም ስለ ጢሱ እንጂ ስለዚህ አልጻፈልኝም። ሣቅህን አልፈለግሁትም፤ ምስክርነትህን ላክልኝ። ከላክህ ሸጋ የብረት ብዕር አለኝ፤ እሰድልሃለሁ።

አባ ወልደኢየሱስ

ጎንደር፣ መጋቢት 28 ቀን 1944 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባ ወልደኢየሱስ።

ሰላም ከእርስዎ ጋር ይሁን፤ ከእኔ ጋር ሰሞኑን ተጣልቷል።

ባለፈው ማክሰኞ ከጠረጴዛዬ ፊት አንዲት ሴት መጥታ ቆመች። እስከ ክርኗ ድረስ ጭቃ ደርቆባታል።

«ጌታው፣ ማመልከቻ ትጽፋለህ?»

«እጽፋለሁ። ባል ነው ወይስ መሬት?»

«ስም ነው። ስሜን አጠፉት።»

«ማን ብለን እንጻፍ?»

«እንኳየሁ። ከወለቃ።»

አባ፣ ብዕሬ ከቀለሙ ውስጥ እንደገባ ቀረ። ጠረጴዛው ሥር ብገባ ደስ ባለኝ፤ ጠረጴዛው ግን ሣጥን ነው። እሷ ቆማ ነገረችኝ።

«የዛሬ ሦስት ዓመት አምባ ጊዮርጊስ ላይ አንድ የቄስ ተማሪ እንኳየሁ በላችኝ ብሎ ለፈለፈ። ከዚያ ወዲያ ገበያው ከለከለኝ። ማሰሮ ተሸክሜ ስደርስ ሴቱ ሁሉ ይበተናል። ከመንገድ ዳር ለአላፊ አግዳሚ እየሸጥሁ ቻልሁት። አሁን ደግሞ ዳኛው የሚባል የዚያው አገር ሰው ልጅ ሞተበት። ያቺው ናት፤ ተማሪውን ቀምሳ አልጠገበችም አለ። እስከ ሰኔ ሚካኤል ከወለቃ ካልወጣሽ ቤትሽን በላይሽ ላይ አነደዋለሁ ብሎ ላከብኝ። አራት ልጆች አሉኝ።»

«ለሹም አልነገርሽም?»

«ነገርሁ። የሹሙ ጸሐፊ፣ ተማሪው ራሱ በአፉ ተናግሮ የለ፣ እኛ ምን እናድርግሽ አለኝ። እንግዲያ ተማሪው ይጠራልኝ ብለህ ጻፍልኝ። ሐዲስ ነው ስሙ።»

«ብታይው ታውቂዋለሽ?»

«ከየት አውቀዋለሁ? ያን ጊዜ ስንቱ ተማሪ እየመጣ ዕቃዬን ሲነካካብኝ ይውል ነበር።»

እኔ ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ ስትረግመኝ የምታድር መስሎኝ፣ በዚያ ትንሽ እኮራ ነበር።

«ቢመጣ ምን ትይዋለሽ?»

«ምን እለዋለሁ? እውነቱን ይበልና ወደ ገበያዬ ልመለስ።»

ጻፍሁላት። በራሴ ላይ፣ በራሴ እጅ። እስከ ዛሬ ከጻፍሁት ሁሉ እሱ ያምራል። ማንበብ አትችልምና መርቃኝ ሄደች።

እንግዲህ የጠየቁኝን ምስክርነት ይውሰዱ። በያዘችኝ ጊዜ ያየሁት ነገር የመሪጌታን አለንጋ ነው። የዚያን ቀን ለመሪጌታ በቃሌ የምወጣው ትምህርት ነበረኝ፤ አንድ መስመር አልያዝሁም። ተራዬ ሲደርስ ወደቅሁ። እንደ ጅብ ጮኽሁ፤ ሸጋ አድርጌ ነው የጮኽሁት፣ ከውጭ ያለው ውሻ መለሰልኝ። መሪጌታም እንደ ደንቡ ነጭ ሽንኩርት በአፍንጫዬ ጎሰሩ፤ የፍየል ቀንድ አጤሱ። ደንቡን እርስዎ ያውቁታል፤ በተበላው ሰው አፍ የሚናገረው ቡዳው ራሱ ነው፤ የተናገረውም አይስተባበልም።

«ማነህ?» አሉ።

ስም ያስፈልገኝ ነበር። ከሦስት ቀን በፊት ገበያ ላይ የአንዲት ሴት ማድጋ ላይ ተቀምጬ ሰብሬባታለሁ። «አይ ልጅ፣ ከራስህ ቂጥህ ይከብዳል» አለችኝ። ገበያው ሁሉ ሣቀ። የእሷን ስም ጠራሁ። የመሪጌታን ሚስት ብጠራ ኖሮ በአለንጋው ያስታውሱኝ ነበር። የወለቃ ሸክላ ሠሪ ስል ግን አንድ ሰው እንኳ «እርግጥ ነው?» አላለም። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቀድሞውኑ ያውቁት ኖሯል።

«ምን ሰጥቼህ ትለቀዋለህ?» አሉ። ቡዳ አመድና ጉድፍ ነው የሚለምነው፤ እኔ ማር አልሁ። «ይቺስ የጨዋ ቡዳ ናት» ብለው ማር አመጡ። በላሁ። ለቀቀችኝ።

ቃሉ ከየት መጣ ብለው ነበር። የሌላውን አላውቅም። በእንኳየሁ ላይ ያረፈው ከእኔ አፍ ነው የመጣው።

ምን ላድርግ? የጠየቅሁዎት የምሬን ነው፤ እንዳይለምድብኝ።

ሐዲስ

ኢየሩሳሌም፣ ሚያዝያ 26 ቀን 1944 ዓ.ም.

ይድረስ ለሐዲስ።

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ። ደብዳቤህን በሕማማት ተቀበልሁ፤ ለሕማማት የሚስማማ ነው።

ሐብተ ማርያም የእናቴ ልጅ ነው። ካንተ ወዲህ ድውይ ሁሉ ወደ እርሱ ይመጣል፤ ደብሩ በእርሱ ተጠግኗል፤ ጣራው በእርሱ ስም ቆርቆሮ ለብሷል። አንተ ተነሥተህ «ዋሸሁ» ብትል የሚወድቀው እርሱ ነው፤ ካህን ሲዋረድ ደግሞ ምእመን ይሰናከላል። ለዚያች ሴት እጸልያለሁ። ሸክላ የትም ይሠራል፤ ወደ ሌላ አገር ብትሄድ አፈር አታጣም። አንተ ንስሐህን ለነፍስ አባትህ በምሥጢር ተናገር፤ አደባባዩን ተወው።

ስለ ዲያብሎስ ቃል የጻፍሁልህንም ለማንም አታንብብ። ገና አልተጣራም።

ብዕሩን ከአንድ ተሳላሚ ጋር ሰድጃለሁ።

አባ ወልደኢየሱስ

ጎንደር፣ ግንቦት 22 ቀን 1944 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባ።

ብዕሩ ደርሷል። ጫፉ ወርቅ ይመስላል፤ ስጭርበት ግን መዳብ ነው። ይኼን ደብዳቤ የምጽፈው በአሮጌው ብዕሬ ነው።

አፈር አታጣም አሉ። እውነትዎን ነው፤ ሁላችንም አናጣም። ዲያብሎስ ማለት ስም አጥፊ ነው ብለው የጻፉልኝ እርስዎ ነዎት። እኔ አንድ ቀን፣ አለንጋ ፈርቼ፣ በአፌ አጠፋሁ። እርስዎ ሦስት ዓመት፣ በደኅና ወንበር ተቀምጠው፣ በቀለም። እኔ እንኳ ማር በልቻለሁ፤ እርስዎ ምን አገኙበት?

ማመልከቻዋ ከሹሙ ጸሐፊ ዘንድ ዐድሯል። ጠየቅሁት። «ሐዲስ የሚባል ሰው ተፈልጎ አልተገኘም» አለኝ፤ ስሜን እያወቀ፣ ያበደርሁትን ክብሪት እየጫረ።

በጰራቅሊጦስ እሑድ ወደ አምባ ጊዮርጊስ እወጣለሁ። ለሐዋርያት ልሳን የወረደበት ቀን ነው፤ ለእኔም ቢተርፍ። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን እናገራለሁ። ወንድምዎ ቢወድቁ ከታች ሣር አለ።

ሐዲስ

ኢየሩሳሌም፣ ሰኔ 15 ቀን 1944 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሐዲስ።

ሰላም ላንተ ይሁን። ብታደርገውም ባታደርገውም ጰራቅሊጦስ አልፏልና ይህ ደብዳቤ ላንተ አይረባህም። የምጽፈው ለራሴ ነው።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብሁት፤ ሦስቱንም ጊዜ ተቆጣሁ። በአራተኛው ተነሥቼ የመጽሐፌን ብራና አወጣሁና ያን አንቀጽ ፋቅሁት። ብራና ሲፋቅ ጠባሳው አይጠፋም፤ ወደ ብርሃን ሲያነሡት የእንኳየሁ ስም አሁንም በደብዛዛው ይነበባል። ቅጠሉን ቆርጬ ላወጣው አልሁ፤ በጀርባው ሌላ ሰባት ቃል አለ። እንዲሁ አስቀምጬዋለሁ።

ሴቲቱ ምን ሆነች? ይህን ብቻ ጻፍልኝ። ስለ ወንድሜም ልጠይቅህ ነበር፤ ተውሁት።

አባ ወልደኢየሱስ

ጎንደር፣ ሐምሌ 20 ቀን 1944 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለአባ ወልደኢየሱስ።

ክረምቱ እንደምን ይዞዎታል ልል ነበር፤ እዚያ በሐምሌ ዝናብ የለም አሉ። እዚህ ዝናቡ አለ፤ እኔም አለሁ፤ ደኅና መሆኔን ግን የሚጠይቀኝ ሰው ስለጠፋ አላጣራሁም።

ሄድሁ። ቅዳሴው አለቀ፤ ሕዝቡ ከቅጥሩ ውስጥ ተቀመጠ። ተነሣሁና፣ «እኔ ሐዲስ ከሦስት ዓመት በፊት ማንም አልበላኝም ነበር፤ ትምህርቴን ስላልያዝሁ ነው የዋሸሁት፤ እንኳየሁም ምንም አላደረገችኝ» አልሁ። እንዲህ በአጭሩ። ቀልድ አልጨመርሁበትም፤ ጭንቅ ነው እሱ።

እንደሚቆጡ ጠብቄ ነበር። ድንጋይም አስቤ ወፍራም ጋቢ ደርቤ ነው የሄድሁት። እነሱ ግን አዘኑልኝ። አንዲት ባልቴት፣ «እኔን ልጄን፣ ዳግም በላችው፤ ይኸው በአፉ ራሷን ታስተባብላለች» አለች። ወንድምዎ መሪጌታ ደረታቸውን ነፍተው መጡ።

«ሐዲስ፣ ልጄ፣ አይዞህ።»

«አያ መሪጌታ፣ ደኅና ነኝ። ዋሽቼ ነበር ነው የምልዎት።»

«አዎን፣ አዎን። ያዙት።»

አራት ሰው ጣለኝ። ያው ሽንኩርት፣ ያው ቀንድ። ጢሱ መጣ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፣ አባ። እኔ ሐዲስ የምናገረውን ማንም አይሰማም፤ ቡዳው የሚናገረውን ግን ሁሉ ያምናል። እንግዲያ ደንባችሁ ከሆነ በደንባችሁ አልሁና እንደ ጅብ ጮኽሁ። ከድሮው አይተናነስም።

«ማነህ?» አሉ መሪጌታ።

«ሐዲስ ነኝ።»

«የልጁን ስም አልጠየቅሁም። የበላኸውን ነው፣ ማነህ?»

«የበላሁት እኔ ነኝ። ሐዲስ ነኝ።»

 ቀንዱ ብቻ እሳቱ ላይ ይንጣጣል።

«ከየት ያዝኸው?»

«ከዚሁ ከእርስዎ ፊት። ትምህርቱን ያላጠና ዕለት።»

«እንኳየሁስ?»

«ስሟን ተውሼ ነው። ሰው ቶሎ ያምናል ብዬ። እሷ የለችበትም።»

ይኼኔ ዳኛው፣ ያ ልጁ የሞተበት ሰውዬ፣ ከኋላ ተነሥቶ መጣ። ዱላ ይዟል። ሕዝቡ ከፈተለት። ከራስጌዬ ቆመና በቀስታ ጠየቀኝ።

«ልጄንም የበላኸው አንተ ነህ?»

አባ፣ በዚያ ሰዓት አንድም ቀልድ አልመጣልኝም። አዎ ብል ይገድለኛል። የለም ብዬ ዝም ብል ወደ ወለቃ ይመለሳል።

«ልጅህን ማንም አልበላውም» አልሁት። «ስንት ቀን ተኛ?»

«ዘጠኝ።»

«ትኩሳት ነበረው?»

«እንደ እሳት።»

«ትኩሳቱ ነው የገደለው። የማንም ዓይን አይደለም። ይኼን የምነግርህ እኔ ቡዳው ነኝ፤ እኔ ካላወቅሁ ማን ያውቃል?»

 ዱላውን ጣለና እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጠ። የቀብሩ ቀን አላለቀሰም ነበር ይላሉ።

ወንድምዎ አልወደቁም፤ አይሥጉ። ከቡዳው ከራሱ አፍ ቡዳውን ያወጡ መሪጌታ ተብለው ዝናቸው ደምቢያ ገብቷል፤ ለደጀ ሰላሙም ሁለተኛ ቆርቆሮ ሊያለብሱ ነው። ልናዋርዳቸው ሄደን ጣራ ሠራንላቸው። ሞኝን በውነት አታሸንፈውም፤ ሌላ ውሸት ስጠው፣ እሱን አመስግኖ ይቀበላል። ይኼን ስናቅ ደግሞ የመጀመሪያውን ያቀመስኋቸው እኔ መሆኔ ትዝ ይለኛል፤ ንቀቱ ተመልሶ ያጎርሰኛል።

«ቡዳ» የሚለው ስም ከእኔ በፊት ጎንደር ገባ። እመት ለተ ማርያም አልጋዬን ከነአልባሱ ደጅ አውጥተው ቆዩኝ። «ምነው እመት?» ብል ከበሩ ኋላ ሆነው፣ «ኪራዩን ምሬሃለሁ፤ ብቻ አትየኝ» አሉ። ከሣጥኔ ፊት ባላገር አይቆምም። ዘበኛው ጎጃሜ ብቻ ሰላም ይለኛል፤ እሱ ድሮም ሁላችንም ቡዳ ነን ብሎ ያምናል።

ስለ ሴቲቱ ጠይቀውኛል። በሰኔ ሚካኤል ዕለት ዳኛው ወለቃ ወረደ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ አንድ ጋን ገዝቶ ተሸክሞ ሲመለስ ሰው አይቶታል። ይኼው በቃ፤ ገበያው ተከፈተላት።

ባለፈው የአምባ ጊዮርጊስ ገበያ ቀን ላያት ሄድሁ። ለምን እንደሄድሁ እውነቱን ልንገርዎት፤ ልመሰገን ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ትቀመጥበት ከነበረው ቦታ ተቀምጣለች፤ ማሰሮ፣ ድስት፣ ጀበና ደርድራ። ሴቱ ከቧታል፤ እየነኩ፣ በጣታቸው እያንኳኩ ይጠይቋታል፤ ከእሷ ጋር ይሣሣቃሉ። እኔ ስጠጋ ከዳር ያሉት ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ተነሡ። እኔና እሷ ብቻ ቀረን።

ቀና ብላ አየችኝ።

«ማመልከቻ የጻፍህልኝ ነህ።»

«ነኝ።»

«ሐዲስም አንተ ነህ።»

«ነኝ።»

አንዱን ድስት አነሣች፤ ጭራሮ የመሰለ ነገር ከጫፉ ላይ በጥፍሯ ላጠችና መለሰችው።

«ዕቃ ልትገዛ ነው?»

«የለም። እንዲያው እንዴት ነሽ ልልሽ ብዬ ነው።»

«ደኅና ነኝ» አለች። የሸሹትን ሴቶች አየችና፣ «በል እንግዲህ ራቅ በል፤ ገበያተኛ እየሸሸብኝ ነው» አለችኝ።

ራቅሁ።

እግዜር ዕድሜዎን ያርዝመው፤ «ተ» ላይ ሲደርሱ ይጻፉልኝ።

ሐዲስ